በየ90 ቀኑ «አለሁ» ማለት

የቤት ደባሌ የፓኪስታኗ ላሆር ልጅ ነው። ባንኮክ አብረን መኖር ከጀመርን ወዲህ ስለ ቪዛ ማማረር አፍሬ ትቻለሁ። የእኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርት እንኳ ከእሱ ይሻላል ብል ታምናላችሁ?

በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ታይላንድ ለ93 አገሮች ያለ ቪዛ 60 ቀን ፈቀደች። ህንድ ገባች፣ ፓኪስታን ቀረች። ያኔ ኤርፖርት ደርሰው ቪዛ ከሚያገኙት ዝርዝር ውስጥም አልነበረችም፤ ኢትዮጵያ ግን ነበረች። ታናሽ ወንድሙ ሊጠይቀው ብሎ የባንክ ወረቀት፣ የሆቴል ማረጋገጫ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት… ምኑ ቅጡ! መጨረሻ ላይ ምክንያት የሌለው «አይቻልም»። የከፈለው ገንዘብም በዚያው ቀረ።

እሺ፣ ገባህ እንበል። ከ90 ቀን በላይ ከቆየህ በየ90 ቀኑ «እዚሁ አድራሻዬ አለሁ» ብለህ ማሳወቅ አለብህ። ቪዛህ ካለፈ ቅጣቱ በቀን 500 ባት (የታይላንድ ገንዘብ)፣ እስከ 20,000። ይሄ ለሁላችንም ነው፣ አልዋሽም። ግን የኢሚግሬሽን ሰዎቹ የእኔን ፓስፖርት ገለጥ ገለጥ አድርገው ይመልሱልኛል፤ የእሱን ይዘው ጓዳ ይገባሉ። አርባ ደቂቃ ፕላስቲክ ወንበር ላይ። እሱ ይስቃል፣ እኔ እበግናለሁ።

ሕዝቡ ደግሞ እንዲህ አይደለም እኮ! ከታች ያለችው ኑድል ሻጭ አሳማ እንደማይበላ አውቃ የእሱን በሌላ ድስት ነው የምትሠራለት። ቡዲስት ናት፤ ስለ ሃይማኖቱ ጠይቃው አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት ቅጽ ሲሞላ «ዜግነት» የሚለው ጋ ደረሰ። እስክሪብቶውን አስቀምጦ «ሻይ ላፍላ?» አለኝ።