ለሊቀ ጸጥታው ምስጋና

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ በሚዞረው፣ ሽያጭ በሚያሰላው የፓይተን ፕሮግራም ኮድ አናት ላይ ያችን መስመር ያላየ የለም፤ «ማስጠንቀቂያ የተባለ ሁሉ ዝም ይበል» የምትለዋን። ስህተቱ ገና ሳይወለድ አፉ ተለጎመ! የመስመሯን ጸሐፊ ሊቀ ጸጥታ ብለን እንሹማቸው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባምና።

ሊቀ ጸጥታው ሽያጩን በደንበኛ ብዛት ያካፍላሉ። ነምፓይ አሬይ (የፓይተን የሒሳብ መሣሪያ የሚይዘው የቁጥሮች ረድፍ) በዜሮ ሲካፈል ፕሮግራሙ አይቆምም፤ አንዴ ያስጠነቅቅና ኢንፍ («ወሰን የለሽ» ማለት ነው) አስቀምጦ ያልፋል። ዜሮ ለዜሮ ከሆነ ናን («ቁጥር አይደለም») ነው። (ፓንዳስ በተባለው የሰንጠረዥ መሣሪያ ላይ ቢያካፍሉማ ማፈንም ባላስፈለጋቸው፤ እሱ በዜሮ ሲያካፍል ትንፍሽ አይልም።) ከዚያ «ዳታ ጽዳት»፦ ድሮፕኤንኤ የተባለው ትእዛዝ። ድሮፕኤንኤ ናንን ይጠርጋል፣ ኢንፍን ግን እንደ ክቡር ቁጥር ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል። ቤቱ ጸዳ! አማካዩ ኢንፍ፤ ከኢንፍ ላይ ኢንፍ ሲቀነስ ናን ነውና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ) ናን።

ለዚህም መድኃኒት አላቸው፦ ናን ቱ ነም የተባለው ትእዛዝ። ናንን 0፣ ኢንፍን ደግሞ ፍሎት 64 (የተለመደው የአስርዮሽ ቁጥር ዓይነት) ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ያደርገዋል። እስቲ አንድ ሱቅ እንውሰድ። ለፋሲካ ተዘግቶ ዋለ፤ ደንበኛ 0፣ የዱቤ 350 ብር ግን በስልክ ገባ። መድኃኒቱ ሲነካው የዚያን ዕለት የአንድ ደንበኛ ሽያጭ በግምት 18 ጽፋችሁ 307 ዜሮ የምትደረድሩለት ብር ሆነ። በሚታየው ዩኒቨርስ ያሉት አተሞች በግምት 1 ተጽፎ 80 ዜሮ ናቸው። ለእያንዳንዱ አተም አንድ አንድ ብር ቢታደል ፍሎት 64 ላይ መቀነሱ እንኳ አይታይም። የዓመቱ አማካይ፣ በ365 ተካፍሎ፣ 49 ከነ304 ዜሮው። አለቃው «ዕድገት አለ» ብለው ፈረሙ። ለገናም ዘግቶ ዱቤ ገብቶለት ከሆነ ሁለቱ ሲደመሩ ከልክ ያልፉና ድምሩ ተመልሶ ኢንፍ! ለከርሞ ጨርሶ ባይከፍት ይመከራል።

ኧረ ተው! ማስጠንቀቂያው እኮ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ይዞ ነበር የመጣው። አንተ አፍነህው፣ በዚያ ቁጥር ዕቃ ሲታዘዝ፣ ሠራተኛ ሲቀነስ ማን ይጠየቅ? ቁጥሩ የተወሰነ መሆኑን የሚፈትሸውን ኢዝፋይናይትን ጠርቶ «ሁሉም ነው ወይ?» ማለት አንድ መስመር ነው፤ ኢንፍንም ናንንም አብሮ ይይዛል። ኢንፍን ብቻ የሚፈልገው ኢዝኢንፍ ብቻውን ናንን ያሳልፋል። በነምፓይ የስህተት ማስተካከያ፣ ኤርስቴት ውስጥ፣ ዲቫይድንና (በዜሮ ማካፈልን) ኢንቫሊድን (ዜሮ ለዜሮን) ሬይዝ (ስህተት ብለህ አቁም) ብትላቸው ደግሞ ኮዱ ስህተቱ በተወለደበት መስመር ላይ ቀጥ ይላል።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናው። ሌላው ሊቅ «ኢንፍ ለዓይን ይከብዳል» ብለው አሬዩን ወደ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ቀየሩት። በተለመደው የኢንቴል ማሽን ላይ −9223372036854775808 ወጣ። ባለሱቁ በፋሲካ ማግሥት ባለዕዳ ሆኖ ነቃ። አዲሱ ነምፓይ እዚህም ላይ ሊያስጠነቅቅ አፉን ከፍቶ ነበር።