ኢሜይላችን በሰው ስልክ ተቆልፎ የሚቀረው እስከ መቼ ነው?

ከከሚሴ እስከ ወልድያ ልጅ ወደ ዓረብ አገር በተሸኘ ቁጥር ዳቦ ቆሎው ይቋጠራል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ ሻንጣው ተከፍቶ እንደገና ይታሰራል። ኢሜይሉን ግን የሚጠይቅ የለም። የትምህርት ማስረጃው፣ የሥራ ልምዱ፣ የፓስፖርቱ ቅጂ ሁሉ እዚያ ውስጥ እያለ!

ነገሩ የሚበላሸው ገና ሲከፈት ነው። ልጅቱ ፎርም ልትሞላ ኮምፒውተር ቤት ትገባለች፤ ኢሜይል የላትም። ጠረጴዛው ላይ ጠርዙ የተጣጠፈ ደብተር አለ፤ ስም፣ አድራሻ፣ የይለፍ ቃል ተብሎ በእስክሪብቶ ተሰምሯል። የይለፍ ቃሉ ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፦ የቤቱ ስምና ጥቂት ቁጥሮች። ማረጋገጫ ስልክ ሲጠየቅ ሠራተኛው «አብሽሪ እህቴ፣ በእኔው ቁጥር ላድርግልሽ፣ ቶሎ ያልቃል» ይላታል። እውነትም ቶሎ ያልቃል። የሰፈሩ ሰው ምስጢር ሁሉ ግን መጪው ሂያጁ በሚያገላብጠው ደብተር ላይ ሰፍሮ ይቀራል።

የአክስቴ ልጅ ዛሬ ሪያድ ናት። የተሻለ ሥራ አግኝታ ማስረጃሽን ላኪ ተባለች። የይለፍ ቃሏን በደንብ ታውቀዋለች። አገልግሎቱ ግን ከማያውቀው ስልክና ከሌላ አገር ሲገባበት ኮድ እልካለሁ ይላል፤ ኮዱም የሚሄደው ኢሜይሉን ወደከፈተላት የኮምፒውተር ቤት ልጅ ቁጥር ነው። ልጁ ሥራውን ለቋል፣ ቁጥሩም አይሠራም። አክስቴ ከሐይቅ ተሳፍረው ደሴ ድረስ መጡ። ኮምፒውተር ቤቱ የሰጣቸው መልስ «እማማ፣ እኛን አይመለከትም» የሚል ነው። ታዲያ ማንን ይመለከታል? ገንዘብ ተቀብሎ የከፈተው ማን ነው?

በራሷ ቁጥር ቢከፈትም ችግሩ ሙሉ በሙሉ አይፈታም። የኢትዮጵያ ሲም ካርዷ እዚያ ካልሠራ መልእክቱ አይደርሳትም፤ ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙበት ቁጥርም ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል።

የሚያንገበግበኝ መፍትሔው በእጃችን መሆኑ ነው። ጂሜይል ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድም የሚጠይቀውን፣ የከፈተ ሰው በስልክ የሚላከው ኮድ ባይደርሰው የሚገባባቸውን 10 ተጠባባቂ ኮዶች ማውጣት ይችላል፤ እያንዳንዱ ባለ 8 አሃዝ ነው፣ አንዱ የሚያገለግለውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ አትሞ ከፓስፖርት ጋር መያዝ ነው። ኮድ የሚያመነጭ መተግበሪያም አለ። ከኢሜይሉ ጋር ሲያያዝ በተሰጠው ምስጢራዊ ቁልፍና በስልኩ ሰዓት አስልቶ በየ30 ሴኮንዱ አዲስ ባለ 6 አሃዝ ኮድ ይሰጣል፤ ሲም ካርድም ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ኔትወርክ ስንት ጊዜ ድራሹ ሲጠፋ ላየን ለእኛ ከዚህ የሚሻል ምን አለ? ሆኖም ይህን ለደንበኛው የሚነግር ኮምፒውተር ቤት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስለ ጎረቤቴም ልናገር። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ኢሜይላቸውን ኮምፒውተራቸው ላይ በፖፕ አሠራር አስተካከለላቸው። ፖፕ ደብዳቤውን ሰርቨር ከሚባለው የኢሜይል ድርጅቱ ማሽን ወደ ኮምፒውተሩ ያወርዳል፤ «ቅጂው ሰርቨሩ ላይ ይቆይ» የሚለው ምርጫ ካልተመረጠ ደግሞ ከሰርቨሩ ያጠፋዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ጋሼ ቤታቸውን ዘግተው ወጡ። ሲመለሱ ኮምፒውተሩ የለም። ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው ጋር ለዓመታት የተጻጻፉት ሁሉ አብሮት ሄደ። በሌላ ስልክ ኢሜይሉን ስከፍትላቸው ሳጥኑ ባዶ ነበር፤ ደጋግመው «ወደ ታች ውረድ እስቲ» ይሉኝ ነበር። የሚወረድበት አልነበረም። አይማፕ የሚባለው አሠራር ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ ትቶ ከስልክም ከኮምፒውተርም ያንኑ ሳጥን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረ ነው፤ ባለሙያው አዲስ ነገር ነው ብሎ ሊያመካኝ አይችልም። አንዲት ምርጫ ነበረች!

ኮምፒውተር ቤት ያላችሁ ወገኖቼ፣ እንጀራችሁ መሆኑን አውቃለሁ፣ ወረፋውም ረጅም ነው። ግን ደንበኛው የይለፍ ቃሉን ራሱ ይጻፍ፤ እናንተ ዘወር በሉ። ተጠባባቂ ኮዶቹን አትማችሁ ስጡት፣ የወረቀቱንም ዋጋ አስከፍሉት፣ ማንም አይከፋውም። ያን ደብተር ለየባለቤቱ እየደወላችሁ የይለፍ ቃሉን አስቀይሩና ቅደዱት። ደንበኛው የራሱ ስልክ ከሌለው የእናቱን ወይም የወንድሙን ቁጥር አስገቡ፤ የእናንተን አታስገቡ።