ኢንስቲቱሽናላይዝ አድርጉኝ አቦ!

ዛሬ ካልተነፈስኩት የድሬ ሙቀት ሳይሆን ይሄ ቃል ነው የሚገድለኝ።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ወረቀት ላይ ማህተም ለማስመታት ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ለአራተኛ ጊዜ ነው። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፤ ድሬዳዋ መሆኑ ይበቃችኋል። ፀሐዩ ሳይጠብስ ልጨርስ ብዬ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ነበርኩ። ዘበኛው “ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ተቀመጥ” አለኝ። (ድሬ ነው፤ አንቱታ እዚህ ብዙ ገበያ የለውም።)

አዳራሹ በር ላይ ባነር ተሰቅሏል፤ “የተገልጋይ እርካታን ኢንስቲቱሽናላይዝ እናደርጋለን!” ይላል። ተቋማዊ እናደርጋለን ለማለት ነው። ቃሉ በእኛ 10፣ በእንግሊዝኛው 16 ፊደል ነው። ቆጥሬዋለሁ። ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ?

ማይኩ ውጭ ድረስ ይሰማል። ካይዘንን ኢንስቲቱሽናላይዝ፣ መልካም አስተዳደርን ኢንስቲቱሽናላይዝ፣ ሰዓት ማክበርን ኢንስቲቱሽናላይዝ... ስብሰባው ራሱ አርባ ደቂቃ አርፍዶ ነው የጀመረው። በመጨረሻ አንዱ “የሻይ ሰዓቱንም ኢንስቲቱሽናላይዝ አድርገን እንውጣ” ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እውነት ለመናገር ቃሉን በትክክል የተጠቀመበት እሱ ብቻ ነው። የሻይ ሰዓት አለቃ ኖረ አልኖረ፣ በጀት ተለቀቀ አልተለቀቀ፣ አራት ሰዓት ላይ ይወጣል።

እኔ ድሮ ትንሽ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁና ነገሩ ያሳክከኛል። የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ ማቆም፣ መትከል ማለት ነው። ደስ የሚለው የእኛም “ተቋም” የመጣው ከ“ቆመ” መሆኑ ነው። እንዲያውም የእኛው ይበልጣል፤ “ተቋቋመ” ስንል ተመሠረተ ማለትም ነው፣ ችግርን ቻለው ማለትም ነው። ታዲያ አንድን አሠራር ተቋማዊ አደረግን የሚባለው ያለ ሰው ድጋፍ በራሱ እግር ሲቆም ነው። አለቃው ቢሻር፣ ጸሐፊዋ ብትወልድ፣ ነገሩ አይቋረጥም። አንድ ጎበዝ ሰው ስላለ ብቻ የሚሠራ ነገር ገና እዚያ አልደረሰም። ደግሞ ቃሉ ለደግ ነገር ብቻ አይደለም። ጉቦ የአንድ ሰው ዓመል መሆኑ ቀርቶ የቤቱ ደንብ ሲሆንም ፈረንጆቹ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሰው ላይ ሲያውሉት ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። እገሌን ኢንስቲቱሽናላይዝ አደረጉት ከተባለ፣ በእኛ አነጋገር አማኑኤል አስገቡት ማለት ነው። ወይም መጦሪያ ቤት። ስለዚህ ተናጋሪው “ሠራተኞቻችንን በሙሉ ኢንስቲቱሽናላይዝ ማድረግ አለብን” ሲል ብቻዬን ሳቄ አመለጠኝ። ዘበኛው እኔንም እዚያው ሊልከኝ ያሰበ ይመስል አየኝ።

ቃል መዋስ ነውር ሆኖ አይደለም። ድሬ እኮ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከገባ ጀምሮ የሰው አገር ቃል ስታራግፍ የኖረች ከተማ ናት። ግን ሹፌር ሲባል መኪና የሚነዳ ሰው አለ። ጋራዥ ሲባል ዘይት የጠጣ መሬት አለ። ይሄኛው ባዶውን ነው የመጣው።

ሻይ ወጡ። አንዱን ያዝኩት።

“ማህተሙስ?”

“መሳቢያ ውስጥ ነው።”

“ይከፈትልኛ።”

“ቁልፉ ልጅቷ ጋ ነው።”

“ልጅቷስ?”

“ሐረር ለቅሶ ሄዳለች።”

አቦ! የአንድ ከተማ ሰው ጉዳይ በአንዲት ሴት ቦርሳ ውስጥ፣ ከማበጠሪያና ከሳንቲም ጋር፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ገብቷል። ልጅቷን አልወቅስም። ለቅሶ ለቅሶ ነው።

ለቅሶ ካነሳን አይቀር፣ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ አምና ሞተ። ሰው ሲሞት የሚመዘግበው፣ ጥሩምባ ነፊውን የሚልከው፣ የድንኳኑን ቁልፍ የሚይዘው እሱ ነበር። አሁን ማን ይቀብረዋል ብለን የተደናገጥን አልጠፋንም። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ምክትሉ መጣ። በራሱ ቁልፍ መጋዘኑን ከፈተ። ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ብረት ድስቱ ተቆጥሮ ወጣ። ማታ መዝገቡን ገልጦ፣ ሟቹ ራሱ ባሰመረው ሰንጠረዥ ላይ የሟቹን ስም ጻፈ። ለባለቤቱ የሚገባውን ብር ቆጥሮ ሰጣት፣ አስፈረማት። ከዚያ ተቀምጦ አለቀሰ። ሐረርም ጁገል ውስጥ የአደሬዎቹን እድር፣ አፎቻን ጠይቁ፤ ሠርግም ሐዘንም ሲመጣ ማን ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቃል። እኔ እስከማየው አንዱም ባነር አልሰቀለም።

የቃሉ ሦስተኛ ፍቺ ነው አሁን ያስፈራኝ። እስር ቤት ወይም ሆስፒታል ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ቦታውን ቤቴ ብሎ ይለምደዋል። ሲለቁት ውጭ መኖር ያቅተዋል። እሱንም በዚሁ ግሥ ነው የሚጠሩት።

ዛሬ ከቤት የወጣሁት ዳቦ ልገዛ ነው። ሐሳብ ይዞኝ ስሄድ፣ ስሄድ፣ ቀና ስል የቢሮው አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ያቺው ጥግ፣ ኒሟ ጥላ የምትጥልባት። ወረቀቷም ኪሴ ውስጥ ናት። ዘበኛው ሻዩን እየጠጣ መጣና ትንሽ ጠጋ አድርጎኝ አጠገቤ ተቀመጠ።

“ልጅቷ ተመለሰች?” አልኩት።

“ዛሬ እኮ እሑድ ነው” አለኝ።