እጩና እጮኛ

«እጩ» እና «እጮኛ» ከአንድ ቤት የወጡ ቃላት ናቸው። ዝምድናቸው የገባኝ ግን መሥሪያ ቤታችን አፑን ለፈጠራ ሽልማት ያጨ ጊዜ ነው። በማጨት ሰሞን የማንም ጉድ አይወራም። ልጁ ቁጡ ነው አይባልም፤ «ቆራጥ ነው» ይባላል። አፑ አይከፈትም አይባልም፤ «በሙከራ ምዕራፍ ላይ ነው» ይባላል።

እኔ ሥራዬ ሌላ ነው። አንድ ዓመት ግን የዓመቱን ሪፖርት ሳሳምር ታየሁ። ከዚያ ወዲህ ማማር ያለበት ነገር ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። ያን ቀንም አለቃዬ አስጠሩኝ።

«የዲጂታል ፈጠራ ሽልማት አለ» አሉኝ። «ዓርብ ይዘጋል።»

«ጥሩ ነው ጋሼ። ምን እናቅርብ?»

«እሱን አንተ ፈልግ።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ፈጠራ አጥተን አናውቅም። «ሲስተም የለም» የሚለውን ብቻ በስንት ዓይነት እንደምንናገረው ባለጉዳይ ይመስክር። «ሲስተሙ አለ፣ ልጁ ነው የሌለው» የምንልበት ቀን አለ። «ሲስተሙ ይሠራል፣ ግን ዛሬ አይሠራም» የምንልበትም አለ። አንዱ ባልደረባዬማ «ሲስተሙ እርስዎን አያውቅዎትም» ብሎ አንድ ሽማግሌ ሲመልስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሽማግሌው ተቀይመው ነው የሄዱት። አርባ ዓመት የተመላለሱበት ቤት እንዴት አያውቃቸውም?

ያለን ነገር አንድ አፕ ነው። ያወረዱት ሰዎች ቁጥር ከሠራተኞቻችን ቁጥር በአንድ ይበልጣል። ሠራተኛው ሁሉ እንዲያወርድ ማስታወሻ ስለተጻፈ ያወረደ ነው። ያ አንድ ሰው ግን ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በየስብሰባው ይነሳል። «ተጠቃሚያችን» ነው የምንለው።

ቅጹን ከፈትኩት። የመጀመሪያው ጥያቄ «ከፕሮጀክቱ በፊት የነበረው ችግር ምንድን ነው?» ይላል። ቀላል መሰለኝ። «ባለጉዳዮች ለአንድ ማስረጃ ሳምንት ሙሉ ይጉላሉ ነበር» ብዬ ጻፍኩና ለአለቃዬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«በፊትስ እዚህ ወንበር ላይ የነበረው ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ።»

«ታዲያ?»

ተመልሼ አስተካከልኩት። «የቀድሞው አሠራር ለበለጠ መሻሻል ሰፊ ዕድል የሚሰጥ ነበር» ሆነ። ወደዱት። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በሦስት ሰዓት አንድ ይወጣል። ወርቅ እንደማጠብ ነው።

ቀጥሎ «ያመጣው ለውጥ» አለ። እዚህ ላይ አልዋሸሁም፤ ይታወቅልኝ። «ዘጠኝ የነበረውን ደረጃ ወደ ሦስት አውርዷል» ብዬ ጻፍኩ። ባለጉዳዩ በስልኩ ሦስቱን ይጨርሳል። ከዚያ ማረጋገጫውን አሳትሞ ይዞ ይመጣና ዘጠኙን ይጀምራል። ቅጹ የጠየቀው በስልክ ስላለው ነው።

«ደስተኛ ተጠቃሚ የሚያሳይ ፎቶ ያያይዙ» የሚለው ደግሞ አንድ ሙሉ ከሰዓት በላ። ካሜራ ይዘን ወደ ወረፋው ወጣን። ስልክ በእጃቸው ይዘው ፈገግ እንዲሉ ሰዎችን ለመንን። አንዷ ሴትዮ ፊታቸው በራ። «ምነው፣ ጉዳዬ አለቀ እንዴ?» አሉ። አላለቀም ስንላቸው ፈገግታው ተመለሰ፤ ወደመጣበት። በመጨረሻ ገንዘብ ያዣችንን አስቆምናት። ጥርሷ ያምራል። ከሥዕሉ ሥር «አንዲት ተገልጋይ» ብለን ጻፍን።

ከሁሉ የገረመኝ የቅጹ መጨረሻ ነው። ስለ ዲጂታል ለውጥ አሥራ አራት ገጽ ካስሞላ በኋላ «ይታተም፣ ይፈረም፣ ማህተም ይደረግበት፣ ስካን ተደርጎ በፒዲኤፍ ይላክ» ይላል። የመሥሪያ ቤቱን ስም ሦስት ቦታ ጠይቋል። በሦስተኛው ላይ ራሴም ተጠራጥሬ በሩ ላይ ካለው ታፔላ ጋር አመሳከርኩ።

ኢስቶኒያዎች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን? እነሱ ኤክስ-ሮድ የሚባለውን የመረጃ መለዋወጫ የዘረጉት በ2001 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ቅጹ ራሱ እንዲያ ነው የሚጠይቀው።) የመሥሪያ ቤቶቹ መዝገቦች በእሱ በኩል እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። መንግሥት አንዴ የያዘውን መረጃ ከዜጋው ደግሞ መጠየቅ የለበትም የሚል መርህ አላቸው። እኛ ጋ ባለጉዳዩ ራሱ ነው ኤክስ-ሮድ። ከቢሮ ቁጥር አምስት ወደ ቢሮ ቁጥር አሥራ ሁለት መረጃ በእግሩ ያመላልሳል፤ ሊፍት ሲበላሽ ፍጥነቱ ይቀንሳል።

የኦስትሪያው ይብሳል። ከ2015 ጀምሮ እዚያ ልጅ ሲወለድ ወላጆቹ የቤተሰብ ድጎማ ለማግኘት ማመልከት አይጠበቅባቸውም። ልደቱ ሲመዘገብ መረጃው ወደ ግብር መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል፤ ነገሩ ከተሟላ ገንዘቡ ራሱ ይመጣል። ቅጽ የለም። ወረፋ የለም። እስቲ ይህን እንዴት አድርገህ ታጨዋለህ? የምን ስክሪንሾት ታያይዛለህ? ሳይመጡ የቀሩ ሰዎችን ፎቶ ማን ያነሳል?

ዳኞቹን ግን ላማ አልፈልግም። አንዳንዴ ዓይናቸው ያያል። በ2013 የለንደኑ የዲዛይን ሙዚየም የዓመቱን ምርጥ ዲዛይን ሲመርጥ ከእጩዎቹ መካከል ሻርድ የሚባለው የመስታወት ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ነበር። የለንደን ኦሎምፒክ ችቦ የነደደበት ማንደጃም ነበር። ያሸነፈው ግን የእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ነው። ነጭ ላይ ጥቁር ጽሑፍ። የሚሽከረከር ፎቶ የለውም። የሚኒስትር የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት ፊት ለፊት አልተለጠፈበትም። ሰው የሚፈልገውን ያገኝና ይወጣል። ይህን ለአለቃዬ ስነግራቸው «ታዲያ ምኑን ሠሩት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

የማጨቱ ገበያ ደግሞ ትልቅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ከ2003 ጀምሮ የሕዝብ አገልግሎት ሽልማት ይሰጣል፤ ጁን 23 ቀኑ ነው። በዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት በኩል የሚሰጠው የዓለም የኢንፎርሜሽን ማኅበረሰብ ጉባኤ ሽልማት በ2012 ተጀመረ፤ 18 ዘርፍ አለው። በአሥራ ስምንት ዘርፍ ውስጥ የማይመጥንህ አንድ አይጠፋም። የሕዝብ ድምፅም በኢንተርኔት ይሰበሰባል።

እኛ የተወዳደርንበትም የሕዝብ ድምፅ ነበረው። ሐሙስ ጠዋት «በአስቸኳይ» የሚል ማስታወሻ ለሠራተኛው ተበተነ። ቢሮው ጸጥ አለ። በዓመቱ እንደዚያ ቀን የተሠራበት ቀን የለም፤ ሁሉም ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሯል። ባለጉዳዮቹ በመስኮት እያዩ ተደሰቱ። እናቴም ድምፅ ሰጥታለች። እናቴ ኢሜይል የላትም። እንዴት እንደሰጠች አትጠይቁኝ።

አንድ ባልደረባዬ ደግሞ መታጨት ያለብን ሲስተሙ ከመመረቁ በፊት ነው ይላል። ሰው ሳይነካው ሁሉም ይሠራላ! ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ እውነት አለበት። አሜሪካኖች የጤና መድን መመዝገቢያ ድረ ገጻቸውን ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ከፈቱ። ገንዘብ ነበረ። ባለሙያ ነበረ። ፕሬዚደንቱ ራሳቸው ያስተዋውቁት ነበር። በመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የተመዘገቡት 6 ሰዎች ናቸው። ኋላ ነገሩን ሊያስተካክሉ የመጡት ባለሙያዎች በየቀኑ ይሰበሰቡ ነበር። አንዱ የስብሰባቸው ደንብ መናገር ያለበት ነገሩን በደንብ የሚያውቀው ሰው እንጂ ማዕረጉ ከፍ ያለው አይደለም የሚል ነበር። ይህን ደንብ አንድ ጊዜ እኛ ስብሰባ ላይ በልቤ ሞከርኩት። ስብሰባው በአራት ደቂቃ አለቀ።

ደንቡ ትዝ ሲለኝ ነው የመዝገብ ቤታችን ሰው በሐሳቤ የመጣብኝ።

ይህ ሰው ምድር ቤት ነው የሚሠራው። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለው። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ኤክሴል አለ። የባለጉዳይ ስም፣ የፋይል ቁጥር፣ የስልክ ቁጥር። ፋይሉ ሲገኝ ከገዛ ስልኩ መልእክት ይልካል፦ «ፋይልዎ ደርሷል፤ ይምጡ።» ካልተገኘ ደግሞ «ፋይልዎ አልደረሰም፤ አይምጡ» ይላል። ይኸው ነው። «አይምጡ» የሚለውን ቃል ከመንግሥት ቤት ሲሰሙ አመስግነው የሚተኙ ሰዎች አሉ፤ በከንቱ ከመምጣት ድነዋላ።

መስኮቱ ፊት ወረፋ ጠፋ። ይህን ያስተዋለው የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ነው። «ይሄ ሰው ወረፋ የለውም፣ ሥራ ፈት ነው» ብሎ ወደ ሌላ ክፍል ሊያዛውረው ደብዳቤ ጀምሮ ነበር።

ሐሙስ ማታ አፑን ትቼ እሱን ለማጨት ወሰንኩ። አዲስ ቅጽ ከፈትኩ። «የፕሮጀክቱ በጀት» ይላል። ዜሮ ብዬ ሞላሁ። ቀይ ጽሑፍ መጣ፦ «ከዜሮ በላይ መሆን አለበት።» አንድ አልኩት፤ አለፈ። «አጋር ድርጅቶች» ይላል። የለም አልኩ። «ቢያንስ ሁለት ይጥቀሱ» አለኝ። «የተጠቀሙበት አዲስ ቴክኖሎጂ» ሲል ዝርዝር አወጣልኝ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለ። ብሎክቼይን አለ። ድሮን እንኳ አለ። ኤክሴል የለም። «ሌላ» የሚል ፈልጌ አጣሁ። ድሮን ላይ ምልክት ላደርግ ትንሽ ነው የቀረኝ።

ዓርብ ጠዋት ወርጄ ነገርኩት። የያዘውን ፋይል አስቀመጠና በሩን ዘጋው።

«ወንድሜ፣ ምን አደረግኩህ?» አለኝ።

«ለክብርህ ብዬ እኮ ነው።»

«ተወኝ። ይሄ ነገር ከተሰማ ኮሚቴ ያቋቁሙለታል። ኮሚቴው አፕ ይሠራለታል። ከዚያ ይሄ ሁሉ ሰው ተመልሶ እዚህ በር ላይ ይሰለፋል።»

አፑን ላክነው። በዘርፋችን ሦስተኛ ወጣን። በዘርፉ የተወዳደርነው ሦስት ነበርን። አለቃዬ ሽልማቱን ሊቀበሉ በአውሮፕላን ሄዱ፤ ከመሄዳቸው በፊት ግን የጡረታ ማኅደራቸው እንዲፈለግላቸው ለመዝገብ ቤት ትእዛዝ ሰጥተው ነበር።

ማታ ደወሉልኝ። ከኋላቸው ጭብጨባ ይሰማል።

«ስማ! አሁን ስልኬ ላይ አንድ መልእክት ገባ። 'ፋይልዎ አልደረሰም፤ አይምጡ' ይላል። ይኸውልህ! አገልግሎት ማለት ይሄ ነው። ባሕር ተሻግሮ እኮ ነው ያገኘኝ። የኛ ቤት ነው የሚለው። ማን ነው የላከው? ለሚመጣው ዓመት እናጨዋለን።»

የመዝገብ ቤቱ በር ሲዘጋ ታየኝ።

«እኔ እንጃ ጋሼ» አልኳቸው። «ሲስተሙ ይሆናል።»