ጽሑፉን ሸኝቶ ደጅ ለሚጠናው ሊቅ

ዛሬ እጅ የምነሳው ለተመራማሪው ወገን ነው። እንዲህ ያለ ቸርነት ከየት ይገኛል? ዓመት ሁለት ዓመት ለፍቶ ጽሑፉን ይጽፋል። ለምርምር መጽሔት አሳታሚው በነጻ ይሰጣል። የባልንጀራውንም ጽሑፍ በነጻ ይገመግምለታል። ከዚያ የቅጂ መብቱን አሳልፎ የሚሰጥበትን ውል ይፈርማል። አያነበውም። ማንበብ ሥራው የሆነ ሰው ያቺን አንዲት ውል ሳያይ ማለፉ ትሕትና ካልሆነ ምን ይባላል?

አሳታሚውም ውለታ አይረሳም። ያንኑ ጽሑፍ ለዚያው ተመራማሪ ቤተ መጻሕፍት መልሶ ይሸጥለታል። በ2012 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ቤተ መጻሕፍት አማካሪዎች ለመምህራኑ አቤቱታ ጽፈው ነበር። የአንዳንድ ትልልቅ አሳታሚዎች መጽሔቶች ብቻ በዓመት ወደ 3.75 ሚሊዮን ዶላር እየጠጉ ነው አሉ። አንዳንዱ መጽሔት ለብቻው በዓመት 40,000 ዶላር ይደርስ ነበር። ይህን ያለው ሃርቫርድ ነው እንግዲህ። ሌላውማ ምን አፍ አለው?

ለኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የመድረክ ንግግሩ ነው። «ዕውቀት ለሁሉም ክፍት ይሁን!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። የምርምር ጽሑፍ ለሁሉም በነጻ ይከፈት ያለውን የ2002ቱን የቡዳፔስት መግለጫ ይጠቅሳል፤ የ2003ቱን የበርሊን ያስከትላል። ቡዳፔስት ካሳየቻቸው ሁለት መንገዶች አንዱ ጸሐፊው ጽሑፉን በክፍት ዲጂታል ማከማቻ ውስጥ ራሱ እንዲያስቀምጥ ነው። ራሱ! ይህችን ግን ሊቃችን የሰው ሥራ መሻማት ይሆንብኛል ብሎ ነው መሰል፣ ለላይብረሪያኗ ይተዋታል።

እሷ ደግሞ ምን ሥራ አላት? መጽሐፍ መደርደርና «ዝም በሉ» ማለት። በተረፋት ጊዜ የአሳታሚውን ደንብ ታነባለች (አንድ ሰው ማንበብ አለበታ!)። የትኛው ቅጂ በማከማቻው እንዲቀመጥ ይፈቀዳል? ስንት ወር ተዘግቶ ይቆያል? ታጣራና ኢሜይል ትልካለች።

«የተገመገመውን የመጨረሻ ረቂቅዎን ቢልኩልኝ?»

የአሳታሚው አርማ ያለበት፣ ያማረ ፒዲኤፍ ይመጣላታል። እሱን ማስቀመጥ ደግሞ ክልክል ነው። እንደገና ትጽፋለች።

«እሺ፣ ፈልጌ እልክልሻለሁ።»

በሦስተኛው ወር፦ «ኮምፒውተሬን ቀይሬያለሁ።»

በ2019 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከትልቁ የመጽሔት አሳታሚ ከኤልሰቪር ጋር ያለውን ውል አላድስም ብሎ ሲወጣ፣ ድርድሩን ከመሩት አንዱ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። በ2021 የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት የሚሆንበት ውል ተፈረመ። ዝም በሉ ሲሉ የኖሩ ሰዎች እንዲህ አፍ አውጥተው መከራከራቸው በእውነት ያሳፍራል።

ባለፈው ሊቃችን የገዛ ጽሑፉን ኢንተርኔት ላይ ሲከፍት «ለማንበብ ይክፈሉ» አለው። አልተቆጣም፤ ጨዋ ነው። ለላይብረሪያኗ ጻፈላት።

«እባክሽ፣ ይህችን ጽሑፌን ከየትም ብለሽ አግኚልኝ። ነገ ስለ ክፍት ዕውቀት ንግግር አለብኝ።»