ይድረስ ለክቡር ባለ ሙሉ መስታወት ፎቅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከነጸብራቅዎ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በምዕራብ በኩል ካሉት ቢሮዎችዎ በአንዱ ተቀምጬ፣ መጋረጃ ዘግቼ፣ አምፖል አብርቼ፣ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነው። ውጪ ፀሐይዋ ያለ የሌለ ጉልበቷን አውጥታ ታበራለች።

በአሳንሰርዎ ውስጥ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አይቼ ደስታዬ ወሰን አጣ። ጣሪያዎ ላይ የፀሐይ ፓኔል ተክለው «የሚጠቀመውን ያህል ኃይል የሚያመነጭ ሕንፃ» ሊባሉ ነው አሉ። እንኳን ደስ ያለዎት! ሥዕሉ ላይማ ቅጠል በቅጠል ሆነዋል፤ በየሰገነትዎ ዛፍ በቅሏል፤ ከአናትዎ በላይ ወፎች ይበራሉ። (እርስዎን ከሰማይ መለየት አቅቷቸው እየተላተሙ የሚወድቁት እነዚሁ ወፎች መሆናቸውን ለሠዓሊው የነገረው የለም።)

እስቲ አንድ ጊዜ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ደህና የሚባል ፓኔል በካሬ ሜትር 200 ዋት ያህል ያመነጫል፤ ያውም ፀሐይ ፊት ለፊት ስታገኘው። ፀሐይ በማይነፈግበት አገር በዓመት 300 ኪሎዋት ሰዓት ከሰጠ አመስግኖ መቀበል ነው። ጣሪያዎን ከዳር እስከ ዳር ሞሉት እንበል። እርስዎ ግን 20 ፎቅ ነዎት፤ ያቺ 300 ለ20 ወለል ስትካፈል ለአንድ ካሬ ሜትር ወለል 15 ትደርሰዋለች። እንደ እርስዎ ያለ መስታወት ለባሽ፣ ቀኑን ሙሉ በኤሲ የሚተነፍስ ቢሮ ደግሞ በዓመት በካሬ ሜትር ከ150 በላይ ቢበላ ማንም አይደነግጥም። እንግዲህ ጣሪያዎ የሚሸፍነው ቢበዛ አንድ አሥረኛውን ነው። ዘጠኙን ከየት ሊያመጡት አስበዋል? ደግሞስ ጣሪያው የት አለና? ግማሹን የኤሲው መሣሪያ ይዞታል፤ የውሃ ታንከሩና አንቴናው አሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው ስምዎም አለ። ለፓኔሉ የተረፈው ቦታ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ ለማንሳት ይበቃል።

ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልግባ። መስታወት የለበሱት ለብርሃን ብለው እንደሆነ ሁልጊዜ ይነገረናል። «የተፈጥሮ ብርሃን ያገኛሉ» ተብለን ነው የተከራየነው። እውነት ነው፣ አግኝተናል። ጠዋት ምሥራቅ በኩል የተቀመጡት ያገኙታል፣ ከሰዓት እኛ እናገኘዋለን፤ ባገኘነው ቁጥር የኮምፒውተሩ ስክሪን አይታይም፣ ዓይን ይጨነቃል፣ መጋረጃ ይዘጋል። መጋረጃ ሲዘጋ ይጨልማል፣ አምፖል ይበራል። አምፖሉ በበኩሉ ሙቀት ይጨምራል፣ ኤሲው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ምሽት ላይ ፀሐይዋ ስትገባ መጋረጃውን ለመክፈት የሚያስታውስ የለም፤ በማግስቱም እንደተዘጋ ይውላል። በመጨረሻ የቀረን ምንድን ነው? መስኮት የሌለው ሕንፃ፣ ግን በመስታወት የተሠራ። ከጠረጴዛ በታች ያለውስ መስታወት ለማን ነው? እሱ የሚያበራው ጫማችንን ብቻ ነው። ለሥራ የሚጠቅመው ብርሃን ከከፍታ የሚገባው ነው፤ ከጉልበት በታች የሚገባው ሙቀት ብቻ ነው።

መጋረጃው ራሱ ከውስጥ መሆኑ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የፀሐይ ጨረር መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ መጋረጃው ላይ ያርፍና መጋረጃው ይግላል፤ የጋለው መጋረጃ እኛን ያግላል። ሙቀቱ በገባበት መንገድ መልሶ አይወጣም፣ መስታወቱ አያሳልፈውም። ያው መጋረጃ ከውጪ በኩል ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ሙቀት ደጅ ቀርቶ ነበር። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ዛፍ ጥላ የሚጥለው ከቤት ውጪ ቆሞ ነው። ነገር ግን ውጪ የሚንጠለጠል መከለያ «ውበትዎን ያበላሻል» ተብሎ ተሰርዟል አሉ።

አንድ ቀን በጠራ ሰማይ ከሰዓት በኋላ የምዕራብ ግድግዳዎን አንድ ካሬ ሜትር ብንለካው 600 ዋት ገደማ ይመታዋል። የኔ ቢሮ ግድግዳ ሦስት በሦስት ነው። ያ ሰማያዊ ቅብ መስታወትዎ ከዚህ ውስጥ 40 በመቶውን ብቻ ያሳልፋል ብለን ቸርነት እናድርግልዎ፤ ከሁለት ሺህ ዋት በላይ ይገባል። ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማለት ነው፤ አንድ የተቀመጠ ሰው የሚለቀው ሙቀት 100 ዋት ያህል ስለሆነ፣ ከሃያ በላይ ሰዎች ሳይጠሩ ጭኔ ላይ የተቀመጡብኝ ያህል ነው። ኤሲው ደግሞ ሙቀት አያጠፋም፤ ከእኔ ቢሮ አንስቶ፣ የራሱን ጨምሮበት፣ ወደ ጎረቤት ሕንፃ ይተፋል። ጎረቤትም ሙቀቱ ሲበረታበት ኤሲ ይገዛል። ጥሩ ጉርብትና ይሉታል ይህን።

ሲመሽ ውጪው ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛው አየር መስታወትዎን ታክኮ ያልፋል፣ እኛም ከውስጥ እናየዋለን። መስኮትዎ ስለማይከፈት ሰላምታ ብቻ እንለዋወጣለን።

ክቡር ሆይ፣ የዘር ሐረግዎን ላስታውስዎ ብል አይቀየሙኝ። እ.ኤ.አ. በ1933 ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ ፓሪስ ውስጥ «ሳልቬሽን አርሚ» ለሚባለው ክርስቲያናዊ የበጎ አድራጎት ድርጅት «ሲቴ ደ ረፉዥ» የተባለ የተቸገሩ ሰዎች መጠለያ ሠራ። ወደ ደቡብ የዞረ፣ የታሸገ፣ አንድም መስኮት የማይከፈትበት ሙሉ የመስታወት ግድግዳ ነበረው። ውስጡን በማሽን አየር እንቆጣጠራለን ተብሎ የታሰበው ማቀዝቀዣ በገንዘብ እጥረት ቀረ፣ መስታወቱ ግን አልቀረም። በጋ ሲመጣ የተጠለሉት ሰዎች ተቀቀሉ። በኋላ የሚከፈት መስኮት ተበጀለት፤ ከጦርነቱ ወዲህም ፀሐይ የሚከልል መከለያ ተገጠመለት። ሕንፃው ከተከፈተ ዘጠና ዓመት አልፎታል፤ ወሬው ግን እርስዎን ላስነደፉት ሰዎች ገና አልደረሰም መሰለኝ።

የለንደኑ ዘመድዎ ደግሞ ከእርስዎም ይብሳል። 20 ፌንቸርች ስትሪት ላይ ያለው፣ ሕዝቡ ዎኪ ቶኪ የሚለው፣ ፊቱ ወደ ውስጥ የጎበጠው። እ.ኤ.አ. በ2013 ገና ግንባታው ሳያልቅ የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ ወደ መንገድ እየለቀቀ፣ ዳር ላይ የቆመ የጃጓር መኪና አካል አቀለጠ። አንድ ጋዜጠኛ መጥበሻ ይዞ ሄዶ እዚያው መንገድ ላይ እንቁላል ጠበሰ። በዓመቱ መከለያ ተገጠመለት። የነደፈው ራፋኤል ቪንዮሊ ነው፤ ላስ ቬጋስ ውስጥ የነደፈው ቭዳራ ሆቴልም ከዚያ በፊት በመዋኛው ዳር የተኙትን እንግዶች እንዲሁ ሲያቃጥል ነበር። አንዳንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሳይፈትን አያምንም።

መስታወት መሆን በራሱ ኃጢአት ነው አልልም። ፍራይቡርግ፣ ጀርመን ውስጥ አርክቴክት ሮልፍ ዲሽ እ.ኤ.አ. በ1994 ለራሱ መኖሪያ የሠራው ሄሊዮትሮፕ አለ፤ ግማሽ ጎኑ መስታወት ነው። ግን ቤቱ በእንዝርቱ ላይ ይዞራል። በብርድ ጊዜ መስታወቱን ለፀሐይ ይሰጣል፤ በሙቀት ጊዜ ጀርባውን ያዞርባታል፣ ጀርባው ደግሞ በሙቀት መከላከያ የተጠቀጠቀ ነው። የሚያመነጨው ኃይል ከሚጠቀምበት ይበልጣል። እርስዎ ይዙሩ አልልዎትም፤ ከነመሠረትዎ ቢዞሩ ተከራዮችዎ እንታመማለን። ቢያንስ ግን ፀሐይ በየት ወጥታ በየት እንደምትገባ ከመነደፍዎ በፊት የጠየቀ ሰው ቢኖር ምን ነበረበት? አራቱም ጎንዎ አንድ ዓይነት ነው። ጠባቡ ጎንዎ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ፣ ሰፊው ወደ ሰሜንና ደቡብ ቢዞር ኖሮ የሂሳቡ ጥቂት የማይባል ክፍል ገና መሠረት ሳይቆፈር ያልቅ ነበር። ከፍ ብላ የምትመጣን ፀሐይ ከመስኮት በላይ የወጣ አጭር መከለያ ይበቃታል፤ ዝቅ ብላ በምዕራብ የምትገባውን ግን የሚመክታት ግድግዳ ወይም ፊት ለፊቷ ከውጪ የተንጠለጠለ መከለያ ነው።

ሲያትል ደመና የማይለያት ከተማ ናት። ቡሊት ሴንተር የሚባለው ባለ 6 ፎቅ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2013 እዚያ ተከፈተና በዓመት ከሚጠቀመው የማያንስ ኃይል ያመነጫል። 575 ፓኔሎች አሉት፤ ጣሪያው ስላልበቃቸው ከግድግዳው አልፈው እንደ ሰፊ ባርኔጣ መንገድ ላይ ወጥተዋል፤ ለዚህ ከከተማው ልዩ ፈቃድ ማግኘት ነበረባቸው። ምስጢሩ ግን ባርኔጣው አይደለም። የሚበላው በጣም ትንሽ መሆኑ ነው፤ በካሬ ሜትር በዓመት 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። መስኮቶቹ በራሳቸው ይከፈታሉ፣ መከለያዎቹ ከውጪ ናቸው፤ ደረጃው ከተማው ወለል ብሎ በሚታይበት ቦታ ተሠርቶ አሳንሰሩ ጥግ ተሸጉጧል፤ ሰው ደስ ብሎት በእግሩ ይወጣል። የእርስዎ ደረጃ የት እንዳለ የማውቀው የእሳት አደጋ ልምምድ የተደረገ ዕለት ነው፤ አምፖል እንኳ የለውም። (ኃይል ቆጥበዋል ልበል?)

ጎልደን፣ ኮሎራዶ ያለው፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ ይባል የነበረው ተቋም ቢሮም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሠራ የሕንፃውን ክንፎች 18 ሜትር ስፋት ብቻ ሰጧቸው፤ ማንም ሰው ከመስኮት እንዳይርቅ። ሌሊት መስኮት ተከፍቶ ኮንክሪቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀን ያንን ቅዝቃዜ ይለቃል። ፓኔሎቹ ከጣሪያው ተርፈው የመኪና ማቆሚያውን ጭምር ሸፍነዋል። መስኮቱ ግን ከግድግዳው ሩብ ያህሉን ብቻ ነው የሚይዘው። ሩብ! እርስዎ ይህን ሲሰሙ ራቁትዎን የቀሩ ይመስልዎታል።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ቢሉኝ አልፈርድብዎትም። እውነት ነው፣ ትልቁ ነገር የሚወሰነው እርሳስ ወረቀት ላይ ባረፈባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። መጀመሪያ ፍላጎቱን መቀነስ ይመጣል፣ ከዚያ ለቀረችው በቁጠባ የሚሠራ መሣሪያ መምረጥ፣ ፓኔል የመጨረሻው ነው። እርስዎ ከመጨረሻው ጀምረው ወደ ኋላ መምጣት ነው የያዙት። ያም ሆኖ ገና አልረፈደም። በምዕራብና በምሥራቅ ጎንዎ ከውጪ መከለያ ያንጠልጥሉ። ከጉልበት በታች ያለውን መስታወት አንስተው በሙቀት መከላከያ የተሞላ ግድግዳ ይተኩበት፤ ጫማችን ቅር አይለውም። ጥቂት መስኮት ይክፈቱልን። ስምዎን ሌሊት ያጥፉት፤ ማን እንደሆኑ ሰፈሩ በነጸብራቅዎ ያውቅዎታል። ይህን ሁሉ አድርገው ሃያ ፎቅ ሆነው የሚያመነጩት ከሚበሉት ጋር ባይተካከል ማንም አይወቅስዎትም፤ ግማሹን ቢቀንሱ ራሱ ከማስታወቂያው ይበልጣል።

«የሚጠቀመውን ያህል ያመነጫል» ስለሚያሰኘው ምስክር ወረቀት ደግሞ አንድ ነገር ልጠቁምዎ። ቡሊት ሴንተር የተመሰከረለት በሥዕሉ አይደለም። «ሊቪንግ ቢልዲንግ ቻሌንጅ» የተባለው መመዘኛ ሰው ገብቶበት እየሠራ 12 ተከታታይ ወር የቆጣሪ ንባብ ያያል፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ አለቀ። ስለዚህ የእርስዎንም ቆጣሪ በየወሩ አንብቤ ለተከራዮች ለመለጠፍ በነጻ ፈቃደኛ ነኝ። ምድር ቤት ወርጄ ጠይቄ ነበር። ጥበቃው ወደ ጥገና ክፍል ላከኝ፣ ጥገና ክፍሉ ወደ አስተዳደር፤ አስተዳደሩ ቆጣሪው ያለበት ክፍል ቁልፍ ያለው ኤሲ የሚጠግነው ሰውዬ ጋ ነው አለኝ። ሰውዬው ደግሞ ጣሪያ ላይ ነው፤ ከሙቀቱ የተነሳ ማሽኑ ስለቆመ ከጠዋት ጀምሮ አልወረደም።

አክባሪዎ፣
በምዕራብ በኩል ያለ ተከራይ