ስትደርስ ደውል

በየቢሮው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የደንበኛ አድራሻ ለሚመዘግቡልን ወገኖቻችን ሐውልት ባይቆም እንኳ አንድ አደባባይ ሊሰየምላቸው ይገባል። እንዳይጠፋን መጠሪያው «ከባንኩ ፊት ለፊት» ይሁን።

ፕሮግራሙ ከባሕር ማዶ የመጣ የዋህ ነው። ጎዳና ይላል፣ ከተማ ይላል፣ ስቴት ይላል፤ ካልሞሉለት ቀይ ኮከቡን ያፈጣል። የኛ ጀግና ይደነግጣል እንዴ? ጎዳና፦ አዲስ አበባ። ከተማ፦ አዲስ አበባ። ስቴት፦ አዲስ አበባ። ፈረንጆቹ ኒው ዮርክን ሁለቴ ጽፈው ይኮራሉ፤ እኛ ሦስቴ ጻፍን፣ ማን ምን አለን? ፖስታል ኮድ ሲመጣ የመዲናችን 1000 መሆኑን ለማጣራት ማን ጊዜ አለው። አራት ዜሮ ይበቃል።

ከሁሉ የማደንቀው ግን የቤት ቁጥሩን ነው። ክፍለ ከተማና ወረዳ እንደነገሩ ይሞላና ቁጥር ሲጠየቅ «አዲስ» ተብሎ ይጻፋል። የኔ ቤት ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ቆርቆሮው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ በመዝገብ ዛሬም አዲስ ነው። ሌላው ቤቱን ለማደስ ብድር ይጠይቃል፣ እኛ ፎርም እንሞላለን።

ደብዳቤ በር ድረስ በማይመጣበት አገር እውነተኛው አድራሻ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነበር፤ አጼ ምኒልክ በ1886 ፖስታ ያቋቋሙልን እኛ እንድንዘለው አልነበረም። አንዳንድ ክፉዎች ያንን ቦታ ባዶ መተዋችንን ስንፍና ሲሉት ኖረዋል። ይኸው እንግዲህ! ቪካርድ የሚባለው የኮንታክት መለዋወጫ ስታንዳርድ አራተኛ እትሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ፣ ከሰባቱ የአድራሻ ክፍሎች የመጀመሪያውን፣ ማለትም የፖስታ ሳጥኑን፣ ባዶ ተዉት ብሎ መከረ። ከኛ ኮርጀው እንዳይሆን እጠረጥራለሁ።

በግል ስልካችንማ ጥበቡ ረቋል። የአድራሻውን ሳጥን የሚነካው የለም፤ ሁሉም ስም ውስጥ ይታጨቃል። «ከቤ ቧንቧ ጀሞ»። «ሰላም ፀጉር ሃያ ሁለት»። «አከራይ አዲሱ እንዳታነሳ»።

አንድ ጊዜ መሥሪያ ቤታችን ለእንቁጣጣሽ ለደንበኞቹ ካላንደር ሊልክ ከዚሁ ከተከበረው መዝገብ አድራሻ አትሞ ለጠፈ። ክምር ፖስታ፣ አንድ አድራሻ። ሞተረኛው ብልህ ልጅ ነውና አላነበበውም፤ ስልኩን አወጣ።

«ጋሼ፣ ዕቃ ይዤልዎት ነበር። የት አካባቢ ነዎት?»

«ዳቦ ቤቱን ታውቀዋለህ?»

«ፈረሰ እኮ፣ ጋሼ።»

«አዎ፣ ፈርሷል። አንተ እንዳለ አድርገህ በስተግራ ታጠፍና ቀጥ በል። ስትደርስ ደውል።»

ልጁ ታጠፈ፣ ሄደ፣ ደወለ። ሰውየው በፒጃማ ብቅ ብለው እጃቸውን አወዛወዙለት። ካላንደሮቹ በዚህ አኳኋን እስከ ጥቅምት አጋማሽ ታድለው አለቁ።

መዝጋቢያችን ታሪኩን ስትሰማ ልቧ ተነካና የሰውየውን አድራሻ ያኔውኑ አስተካከለችው። ጎዳና በሚለው ቦታ አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «ዳቦ ቤቱ የነበረበት»።